ቤት የሌለው በር

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ፋማው ግን መነኩሴ አልነበረም፤ ያለችውን አንዲት ጥልፍ ቆብም ሚስቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠለፈችለት ስለሆነች ሊቀድዳት አይደፍርም። ስለዚህ መሮ ገዛ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በላሙ ደሴት ወደብ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በጀልባ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጀርባው ተንጋልሎ የጣሪያውን ወራጆች ቆጥሮ ሲጨርስ (አርባ ሁለት ናቸው፤ ደግሞ ሲቆጥራቸውም አርባ ሁለት ናቸው) አንድ ሐሳብ መጣበት። በዕድሜው ሙሉ እጁን ጭኖ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው ነገር የለም። ማኅተም የመታበትን ወረቀት ሁሉ ምስጥ በልቶታል። ምናልባት ማንም ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ምናልባት ሰው ይህን ማሰብ የሚጀምረው ወራጅ ሲቆጥር ብቻ ነው። ያም ሆነ ይህ ፋማው ተነሥቶ ወደ አናጺው ወደ ስካንዳ ሄደ።

ስካንዳ አርባ ዓመት በር ሲቀርጽ የኖረ፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተቆላመሙ ሰው ነው። መሮውን አየና፣ «ከበርጩማ ጀምር» አለው።

ፋማው በርጩማ ሠራ። አራት እግር ነበረው፤ ሦስቱ ተስማሙ፣ አራተኛው የራሱን መንገድ ሄደ። ስካንዳ ተቀመጠበት፤ ምንም ሳይናገር ተነሣ። ፋማውን ያመመው ይህ ዝምታ ነበር። ሁለት ቀን አሰበበትና ተመልሶ መጣ።

«ችግሩ እግር ነው» አለ። «በር እሠራለሁ።»

«በር? ትናንት መሮ የጨበጠ ሰው በር?»

«በር እግር የለውም።»

ስካንዳ ሥራውን አቆመ። አርባ ዓመት ሙሉ በሥራው ላይ ሲኖር ነገሩን በዚህ በኩል አይቶት አያውቅም።

«እሺ፣ ለማን ነው የምትሠራው?»

«ለማንም።»

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«ማን ይከፍለኛል? ዝም ብዬ፣ ለራሴ። ደስ እንዲለኝ።»

ስካንዳ የተቆላመመ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገለት። «አሞሃል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

አላመመውም። የጃክ ፍሬ ዛፍ ጣውላ ገዝቶ በአህያ አስጭኖ ከከተማው ጫፍ፣ ሟች እናቱ ወደተወችለት ባዶ ቦታ ወሰደ። ቤት ውስጥ እንዳይሠራ ቤቱ የእሱ አይደለም። የሚስቱ የቢ ቲማ ነው፤ ስታገባ አባቷ የሠራላት፣ እንደ አገሩ ደንብ። እዚህ ወንድ ሲያገባ የልብስ ሣጥኑን ይዞ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል፤ ከተጣላ ደግሞ ሣጥኑን ይዞ ይወጣል። ፋማው ከነሣጥኑ ከገባ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቢ ቲማም በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነው የከለከለችው፦ ሰጋቱራ።

እናም አራት ወር ሙሉ በቦታው ካሉት የኮኮናት ዛፎች ሥር ተቀምጦ ሲፈልጥ፣ ሲፍቅ፣ ሲቦረቡር ከረመ። በመቃኑ ላይ አበባ ሊቀርጽ ነበር ሐሳቡ። መሮው አዳለጠውና የአበባው ቅጠል ጅራት አወጣ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ፋማው አበባ ሲጎረጉር ዓሣ አወጣ። ከዚያ በግራው መቃን ላይ ዓሣ ካለ በቀኙም መኖር አለበት ብሎ በቀኙም ሆን ብሎ አዳለጠው። ሲቆይ እጁ ዓሣውን ለመደው። ስህተት በሠራ ቁጥር ዓሣ እያደረገ ሲያልፈው፣ በመጨረሻ በሩ ላይ አንድ አበባና አሥራ አንድ ዓሣ ነበሩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቀጥ ማለቱን ሊያይ ፈለገ። መሬት ላይ የተኛ በር ሁሉ ቀጥ ያለ ነውና፣ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ መቃኖቹን አቆመ፤ ጉበኑን ጫነ፤ ሁለቱን መዝጊያዎች በማጠፊያቸው ሰቀለ፤ ቱንቢ ጣለ። ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል፤ አንገትን ጥቂት ሰበር ካደረጉ ግን ቀጥ ይላል። ከታች በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ቀርቷል፤ ለነፋስ ነው አለ ለራሱ። ከዚያ በበሩ ጥላ፣ ከኋላው አሸዋው ላይ ተቀመጠና ደስ አለው። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማው ቆይቷል፤ አንዳች ነገር ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ደስታ።

የሳተው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። በዚህ አገር ቤት የሚጀመረው ከበሩ ነው። በመጀመሪያ በር ይቆማል። ግድግዳና ጣሪያ ገንዘብ ሲገኝ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ በዓመቱ፣ አንዳንዴ በልጅ ዘመን። የቆመ በር ማለት ግድግዳው የዘገየበት ቤት ማለት ነው።

«ሆዲ! ሆዲ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ደጅ የቆመ ሰው አክባሪ ጥሪ ነው።

በክፍተቱ በኩል አጮልቆ ሲያይ የአህያ ነጂው የኮምቦ እግሮች ናቸው። አህያዋ አሸዋ እንደተጫነች በበሩ ጎን ዞራ መጥታ የፋማውን ጆሮ አሸተተች።

«ኮምቦ፣ እለፍ እንጂ ምን ያቆምሃል?» አለ ፋማው።

«ግባ ሳልባል?»

«በጎን እለፍ! በየቀኑ የምታልፍበት መንገድ አይደለም እንዴ?»

«በግድግዳው በኩል?» ኮምቦ ደነገጠ። «ኧረ ተው ወንድሜ! አህያዋንም ይቅር በላት፤ ባለጌ ናት።»

እዚህ ላይ ፋማው «ቤት የለም፣ በር ብቻ ነው» ማለት ነበረበት። ግን በሕይወቱ የሠራውን ነገር ያከበረለት የመጀመሪያው ሰው ኮምቦ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ግባ» አለ።

በዚህች አንዲት ቃል ተያዘ። ኮምቦ ጫማውን ደፉ ላይ አውልቆ፣ በቀኝ እግሩ ገብቶ፣ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ዙሪያውን ተመለከተ።

«ነፋሻ ቤት ነው» አለ።

ከዚያ ዓይኑ መቃኑ ላይ አረፈ። በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። በላሙ በር ላይ ዓሣ የልጅ ምኞት ነው፤ ሁለት የቀረጸ ሰው ሁለት፣ አራት የቀረጸ አራት ይመኛል። ኮምቦ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ የፋማውን ሽበት አየ፤ እንደገና ዓሣዎቹን አየ።

«ማሻአላህ!» አለ በሹክሹክታ። «በስድሳ አንድ ዓመትህ! አላህ ወገብህን ያጽናልህ።»

ወሬው ከአህያዋ ቀድሞ ከተማ ገባ። ፋማው ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው፤ ቤት ጀምሮላታል፤ ገና ወጣት ትሆናለች፣ ያለዚያ አሥራ አንዱን ማን ይወልዳል? በማግሥቱ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚወርዱ ሴቶች ቦታው ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ፤ የሰው ቤት ውስጥ ማየት ነውር ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ቆሞ «ልጄ፣ እቤትህ ስትሆን እንኳ ሸሚዝ ብትለብስ ምናለ?» ብሎ ገሠጸው። በሦስተኛው ቀን ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው ጉበኑ ላይ ቁጥር አርባ ሰባትን ቸንክሮ ሄደ። በአካባቢው አርባ ስድስትም አርባ ስምንትም የለም።

ቢ ቲማ ወሬውን ከማን እንደሰማች አልተናገረችም። ፋማው ወደ ቤት ሲመለስ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የባለ በሯ።»

«ቲማ፣ እንጨት እኮ ነው! ጊዜ ማሳለፊያ ነው!»

«እኮ፣ ጊዜውን ከማን ጋር ነው የምታሳልፈው? ያንን ነው የጠየቅሁህ።»

«ከመሮ ጋር!»

«መሮ አሥራ አንድ ልጅ አይወልድም።»

«በአላህ ስም፣ ዓሣዎቹ እኮ አበባ ነበሩ!»

ቢ ቲማ አንድ ጠጠር ከሩዙ ለቅማ ጣለች። «እኔም አበባ ነበርኩ» አለች።

በማግሥቱ ፋማው ወደ ቦታው ሲሄድ የልብስ ሣጥኑ ከበሩ በስተኋላ፣ ልክ አልጋ ሊዘረጋ በሚችልበት ማዕዘን ተቀምጦ አገኘው። በላዩ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ፤ ትኩስ ማሃምሪ የሚሉት የዘይት ጥብስ ዳቦና በኮኮናት ወተት የበሰለ አተር፤ ለአዲስ ጎረቤት የሚላክ ምግብ። ያመጣው ኮምቦ ነው፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

«ቢ ቲማ "ለአዲሱ ጎረቤታችን" ብላለች። ሳህኑንም እንዳይረሱ ብላለች።»

«"እንዳይረሱ"? እንዲህ ነው ያለችው?»

«እንዲህ ነው ያለችው። በአክብሮት።»

ፋማው ምግቡን ሳይቀምስ ሳህኑን ይዞ ሮጠ። የሠላሳ አራት ዓመት ቤቱን በር መታ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እንጂ!»

«እርስዎ ነዎት ጎረቤታችን? ሳህኑን እዚያው ደፉ ላይ ያስቀምጡልን። አላህ ቤትዎን ያሙቅልዎ።»

ፋማው በዚህች ሴት አፍ ብዙ ተብሏል። ሞኝ ተብሏል፣ ፍየል ተብሏል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተበሳ ታንኳ ተብሏል። «እርስዎ» ግን ተብሎ አያውቅም። ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስካንዳ ዎርክሾፕ ውስጥ፣ የፍቅፋቂ ክምር ላይ ያድር ጀመር።

መከራውም እዚያ አላበቃም። ቅዳሜ ዕለት ዓሣ ነጋዴው ሸቤ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በበሩ ፊት ቆሞ ተጣራ። ገቡ። ጫማ አወለቁ። ሸቤ ደረቱን ነፋ።

«ፋማው፣ አንገናኝም! ልጄን አልሰጥህም!»

«አልጠየቅሁህም እኮ።»

«አልጠየቅከኝም?»

«በፍጹም። አስቤውም አላውቅም።»

የሸቤ ፊት ጠቆረ። ወደ ወንድሞቹ ዞረ። «አልጠየቅሁም ይላል! ለምን አልጠየቅህም? ልጄ ምን ጎደላት? ዓይኗ ነው? እግሯ ነው? እንዲህ ያለ በር አቁመህ የእኔን ልጅ ለምን ታልፋለህ?»

«ሸቤ፣ ማንንም አልጠየቅሁም!»

«ማንንም ያልጠየቀ ሰው ከሁሉም ጋር ሰድቦኛል ማለት ነው» አለና ተነሥቶ ወጣ። በሩን ከኋላው ሊያላትመው ሞከረ፤ መዝጊያው ግን ስለሚያዘነብል ቀስ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ። ሸቤ ቁጣውን አቋርጦ ሦስት ጊዜ መግፋት ግድ ሆነበት።

ፋማው ያን ቀን ከስካንዳ አካፋ ተበድሮ በሩን ሊነቅል መጣ። ስካንዳ ተከትሎት ኖሮ እጁን ያዘው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልነቅለው ነው! ልተኛ ነው! ቤቴ ልገባ ነው!»

«ቁጭ በል። የቆመ በር የሚነቀለው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ዘር ሲጠፋ፣ ወይ ሴት ስትፈታ። ብትነቅለው ከተማው "ሳያገባት ፈታት" ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«እሱን እኛም እየጠበቅን ነው።»

«እሺ ልተወው?»

«ብትተወው ቤት ነው። ግድግዳ ብትጨምርበት ይብስ ቤት ነው።» ስካንዳ መቃኑን በጣቱ ዳሰሰ፤ አንዱን ዓሣ ሲያይ ፊቱ ተኮማተረ። «አንድ መውጫ አለው። ደፉን በቀኝ እግሯ የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት የቤቱ እመቤት እሷ ናት። ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት ብትመጣ እንግዳ ናት። እስካሁን ሴት አልገባችበትም። ቲማ ትግባበት፤ ነገሩ ያልቃል።»

«አስወጥታኛለች እኮ! እንዴት አድርጌ ነው የማስገባት?»

«ያ የእንጨት ሥራ አይደለም» አለ ስካንዳ። «አላውቅም።»

ከዚያ ሦስት ቀን ዝናብ ዘነበ። ፋማው አልሄደም፤ ፍቅፋቂው ላይ ተጋድሞ የዎርክሾፑን ወራጆች ቆጠረ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው፣ ወደ በሩ ሄዶ ከኋላው ገብቶ በጨርቅ ያደርቀው ጀመር። ሁለቱም መዝጊያዎች ተገጥመው ነበር።

«ሆዲ።»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። በሦስት ጣቱ ክፍተት ሲያይ የሚያውቃቸው እግሮች ናቸው። ከእግሮቹ በስተኋላ ደግሞ ሌሎች ብዙ እግሮች፤ ያን ጠዋት የላሙ ግማሽ ሕዝብ በኮኮናት ዛፎቹ መካከል ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሞታል። ቢ ቲማ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ለጥየቃ እንደሚሄድ ሰው ተስተካክላ መጥታለች። ያቺን ሴት ልታይ ነው የመጣችው፤ በዓይኗ አይታ ቁርጧን ልታውቅ።

«ግቢ!» አለ ፋማው፤ ድምፁ ቀጠነ። መዝጊያውን ሳበ። ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ ጣውላውን አሳብጦታል። ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ፤ እግሩን መቃኑ ላይ ተክሎ ጎተተ። እንጨቱ አቃሰተ እንጂ አልተከፈተም።

«እያስጠበቅሽኝ ነው በላት» አለች ቢ ቲማ።

«ማንን? ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ! በሩ ነው እምቢ ያለው!»

ኮምቦ ከሕዝቡ መካከል፣ «በጎን ብትዞሪስ፣ እናቴ?» ብሎ ነበር። ሁሉም ገላመጡት። ቢ ቲማ ዞርም አላለች።

«ሌባ አይደለሁም በግድግዳ የምገባው» አለች።

ፋማው በጎን ሊወጣላት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ቆመም። በጎን ከወጣ ቤት የለም ማለት ነው። ቤት ከሌለ እሷ የምትገባበት የለም፤ ካልገባች ደግሞ እሱ ቤት አይገባም። በነፋስ መሐል ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ከሚስቱ ጋር ተለያይቶ ቆሞ፣ በሕይወቱ ያየው ትልቁ ግድግዳ ይህ እንደሆነ ገባው።

«ቲማ፣ ከላይ በኩል ነው የነከሰው። ትንሽ ቢፋቅ ይለቅቃል። ከእኔ በኩል አይደርስም፣ ከአንቺ በኩል ነው።»

«እና?»

«መሮ ላቀብልሽ?»

ቢ ቲማ በሩን ከላይ እስከ ታች አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ክፍተቱ ፊት ዘረጋች። መሮውን ከታች አሳልፎ ሰጣት። ሰዉ ተንጠራራ። ቢ ቲማ መሮውን እንደ ሽንኩርት ቢላ ይዛ ጠርዙ ላይ አሳረፈችው፤ አንዲት ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ወጣች፤ ረጅም፣ ሳትበጠስ። ፋማው በአራት ወር ውስጥ እንደዚያ ያለ አውጥቶ አያውቅም።

«እንዴት ነው የያዝሽው?» አለ በጠርዙ በኩል እያየ።

«ዝም በል።»

ሁለተኛ ፋቀች። ሦስተኛ። እጇን አንሥታ ጣውላውን ዳሰሰች፣ እንደገና መሮውን አሳረፈች። ሰዉ ጠበቀ። ጩኸት ይኖራል፣ ልቅሶ ይኖራል፣ ሌላ ሴት በኋላ በር ትሮጣለች ብሎ የመጣ ሁሉ አንዲት ሴት እንጨት ስትፍቅ አየ፤ ከዚያም ስትፍቅ አየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሸቤና ወንድሞቹ ሄዱ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ኮምቦ አህያውን ፈልጎ ሄደ። ስካንዳ ብቻ ቀረ፤ እሱም የኮኮናት ግንድ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

«ፋማው» አለች ከወዲያ፣ መሮው ሳይቆም።

«አቤት።»

«እውነት ማንም የለችም?»

«ማንም።»

«ይሄን ሁሉ ለማንም?»

«ለማንም።»

ረጅም ፍቅፋቂ ወጣ፤ በክፍተቱ በኩል ተንከባሎ እግሩ ሥር ወደቀ።

«ሞኝ ነህ አንተ» አለች።

ፋማው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። መዝጊያውን ቀስ አድርጎ ሲነካው ተንቀሳቀሰ። የአንድ ስንዝር ያህል ተከፈተ። ቢ ቲማ ቅንድቧ ላይ ሰጋቱራ አለ፤ ጥቁር ልብሷ ነጭ ሆኗል።

«ተከፈተ! ግቢ እንጂ! በቀኝ እግርሽ!»

«ቆይ፣ አትክፈት። እዚች ጋ ጉብ ያለች ነገር ቀርታለች።»

«ግድ የለም ትቅር፣ ግቢ!»

«አትነዝንዘኝ አልኩህ።»

ጠበቀ። ፀሐይ ከራስ በላይ ወጣች። በመጨረሻ ቢ ቲማ የጠርዙን ሌላ ፊት ለማየት መዝጊያውን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ መሮውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ምንም ሳታስብ ደፉን አልፋ ወደ ውስጥ ገባችና ከወዲህኛው በኩል መፋቅ ቀጠለች። ፋማው የጣውላውን ጠርዝ ሲያይ እግሯን አላየም። ስካንዳም ተኝቶ ነበር።

«ስካንዳ! በየትኛው እግሯ ነው የገባችው?»

ስካንዳ ተበርግጎ ተነሣ። «ማን?»

«ቲማ፣ በየትኛው ነው የገባሽው?»

«የት?» አለች ቢ ቲማ ዙሪያዋን እያየች። በሩን አየች፣ ኮኮናቱን አየች፣ ፀሐይዋን አየች። «ውይ! ምሳ አልሠራሁም!»

መሮውን በልብሷ ጫፍ ጠርጋ ስሉን በጣቷ ሞከረችው፤ ለመመለስ ግን እጇ እምቢ አለ።

«ተነሥ፣ ቤት እንሂድ» አለች። «ሣጥኑን አንተ ያዝ። መሮውን እኔ እይዘዋለሁ።»